አባባ ሦስቴ የጣሏት ሞተር ሳይክል

ሞተር ሳይክሏን የገዛሁት ለማንም ሳልናገር ነው። ሰው ሁሉ አዲሱ ዓመት ሲገባ ኮምፒውተሮች ያብዳሉ ብሎ ውሃና የታሸገ ምግብ በሚያከማችበት ሰሞን ነበር። አትላንታ አጠገብ፣ ሳንዲ ስፕሪንግስ በሚባል ከተማ ባለ አንድ ሆስፒታል ደም ቀጂ ነበርኩ። በየሁለት ሳምንቱ የምቀዳቸው አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ነበሩ፤ መርፌው ሲገባ ዞር እንዲሉ ብነግራቸውም ዓይናቸውን አይነቅሉም፣ እያዩ ያወራሉ። አንድ ቀን፣ ባለቤታቸው ከሞቱ ዓመት እንዳለፋቸው፣ የሚወዷት ሞተር ሳይክል ጋራዥ ውስጥ አቧራ እየጠጣች እንደሆነ፣ ልጆቻቸው ደግሞ ለቁርጥራጭ ብረት ሊሰጧት እንዳሰቡ ነገሩኝ።

«አንቺ ትነጃለሽ?» አሉኝ።

«ኧረ እኔ አልነዳም።»

«እሱም መጀመሪያ አይነዳም ነበር» አሉ።

ከሥራ ስወጣ ሄጄ አየኋት። የጃፓን ሥራ ናት፤ የቤንዚን ሰልባትዮዋ ቀይ፣ ጎንና ጎኑ ነጭ። ከእኔ የምታንሰው በሁለት ዓመት ብቻ ነው። መቀመጫዋ ላይ ወጥቼ ሁለቱንም እጀታዎች ስይዝ ሳላስበው ሳቅሁ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር፤ እንዲህ ከሳቅሁ ቆይቶ ነበር። በማግሥቱ የጎረቤቴን ፒክአፕ ለምኜ ሊልበርን ወደሚገኘው ቤቴ አመጣኋት።

ቤት ውስጥ አባባ ነበሩ። እናቴ ካረፈች በኋላ ነው ከእኔ ጋር እንዲኖሩ ያመጣኋቸው። አባባ አዲስ አበባ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የተሽከርካሪ መርማሪ ነበሩ። ቦሎ ለማሳደስ የሚመጣ መኪና በእጃቸው ያልፍ ነበር፤ ወይም አያልፍም ነበር። ሊልበርን ከመጡ በኋላ ግን የሚመረምሩት ነገር አጥተው፣ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ሲንቀጠቀጥ ወንበር አምጥተው ፊቱ ይቀመጣሉ።

ሞተር ሳይክሏን ከፒክአፑ ስናወርድ ጋራዡ በር ላይ ቆመው አዩን። ዙሪያዋን ሦስት ጊዜ ዞሩ። «ሴት ልጅ በሞተር ሳይክል?» እስኪሉኝ መልሴን አዘጋጅቼ ጠበቅሁ።

«ምርመራ አልፋለች?» አሉ።

«እዚህ አገር ሞተር ሳይክል አይመረመርም አባባ። ጆርጂያ ውስጥ ታርጋ ይለጠፋል፣ ይነዳል፤ በቃ።»

ሰማይ የተደፋባቸው መሰሉ። «ታዲያ መንገድ ላይ መቆም እንደምትችል ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

በማግሥቱ ጠዋት ለብሰው፣ ክራባት አስረው ሳሎን ጠበቁኝ። «ሕጉ ባያስገድደንም በፈቃዳችን እናስመርምራት። የሚመረምር ሰው ይጠፋል ብዬ አላምንም» አሉ።

ጎረቤታችን ፒክአፑን ድጋሚ አወጣ። ከመንገዱ ማዶ የሚኖር፣ ከአውቶቡስ መካኒክነት ጡረታ የወጣ ረጅም ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ እሱም ሁለት አሮጌ ሞተር ሳይክሎች በሸራ ሸፍኖ አስቀምጧል። ሦስታችን ፊት ተጠጋግተን፣ እሷን ኋላ አስረን፣ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ካሉት የመኪና ጭስ መመርመሪያ ጎጆዎች አንዱ ጋ ሄድን። ከኋላችን መኪኖች ተሰለፉ። ከጎጆው የወጣው ጎልማሳ ቬትናማዊ ፒክአፑን አየና ማሽኑን ሊያዘጋጅ ዞረ።

«መኪናው አይደለም። እሷ ናት» አልኩት።

«ሞተር ሳይክል ቴስት አናደርግም። ሕጉ አይጠይቅም።»

አባባ ወረዱ። እንግሊዝኛቸውን የተማሩት ከመኪና መመሪያ መጻሕፍት ስለነበር ሲናገሩ የሚያነቡ ይመስላሉ። ቀስ ብለው፣ «ሕጉ እኛን አልጠየቀም። እኛ ነን የምንጠይቅዎት» አሉት።

ሰውየው ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ ጎረቤታችን፣ ከዚያ ወደ አባባ ክራባት አየ። «እዚህ ስንት ዓመት ስሠራ ሰው እንዳልፈትነው ሲለምነኝ ነው የማውቀው። ፈትነኝ ብሎ የለመነኝ አንተ የመጀመሪያው ነህ» አለ። ከኋላችን ጡሩምባ መነፋት ጀመረ። ሰውየው አዘነልን መሰለኝ፤ መብራቷን አብርቶ አጠፋ፣ ጎማዋን በጫማው ሁለቴ መታ፣ ከዚያ አንድ የደረሰኝ ጀርባ ላይ «ጥሩ ናት» ብሎ ጽፎ ለአባባ ሰጣቸው።

ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ሊልበርን እስክንገባ አዩት። ቤት ስንደርስ አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ጎማ በጫማ መምታት ምርመራ ነው?»

«አይደለም አባባ።»

«ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አቅርቢያት» አሉኝና ገቡ።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ሞተር ሳይክሏን እየገፋሁ ከጋራዥ ሳወጣ አባባ ግቢው ውስጥ ቆመዋል። የሆስፒታል ነጭ ጋውኔን ከክራባታቸው በላይ ደርበዋል። ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ቀጥ ያለ መስመር አስምረዋል። እጃቸው ላይ ማስደገፊያ ሰሌዳ፣ ሰሌዳው ላይ በእጅ ጽሑፍ የተሞላ ዝርዝር አለ። ብቅ ስል በእጃቸው «ቁሚ» የሚል ምልክት ሰጡኝና ወደ ሰሌዳቸው አቀረቀሩ።

«የንብረቷ ባለቤት እርስዎ ነዎት?»

በሕይወቴ አባቴ እርስዎ ብለውኝ አያውቁም። ሳቅ አፈነኝ። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ሊብሬ ይዘዋል?»

«አባባ፣ ኪችን ጠረጴዛ ላይ አይደል እንዴ ያለው፤ ትናንት እርስዎ ራስዎ…»

«እዚህ አባባ የሚባል ሰው የለም። ሊብሬ ይዘዋል?»

ሮጬ ገብቼ አመጣሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ተንበረከኩ፣ ተነሡ፣ ጆሯቸውን ሞተሩ ላይ ደገፉ፣ የጎማዎቹን ቀጫጭን የብረት ራጂዎች አንድ በአንድ በማንኪያ እየመቱ ድምፃቸውን አዳመጡ። ጎረቤታችን የቡና ኩባያውን ይዞ መንገዱን ተሻግሮ መጥቶ አጥሩ ላይ ተደገፈ። ጎማዋ ገና አዲስ ነው ብዬ ልከራከር ስል፣ አባባ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ጎማው ጎን ላይ ካለ ስንጥቅ ውስጥ ከተቱ፤ ጥፍሩ ሙሉ በሙሉ ገባ።

«ያልተነዳ ነው እንጂ አዲስ አይደለም» አሉ። «ደርቋል። ካቴናው ላልቷል። የኋላ ፍሬን ሲረገጥ የስቶፕ መብራት አይበራም። የቀኝ ስፖኪዮ የራስዎን ክርን እንጂ መንገድ አያሳይም። ወድቃለች።»

ወረቀቱን ፈርመው ሰጡኝ። ጋውኑን አውልቀው በጥንቃቄ አጠፉት፤ ከዚያ ትከሻዬን ይዘው ወደ ቤት እያስገቡኝ፣ «ምሳ ምን አለ ልጄ?» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። ከሥራ ስመለስ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር ጋራዥ እገባለሁ። ጎረቤታችን ጎማ አወጣጥና ካቴና አወጣጠር አስተማረኝ፤ አባባ ግን መርማሪ ጥገና ውስጥ እጁን አያስገባም ብለው በሩ ጋ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። መፍቻውን በተሳሳተ አቅጣጫ ሳዞር ብቻ ጋዜጣው ይንኮሻኮሻል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሑድ ከሰዓት ደግሞ የሞተር ሳይክል ኮርስ ጀመርኩ። ከእኔ በቀር ሁሉም የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ፤ ብርቱካናማ ኮኖች መካከል እየተጠማዘዝን ስንነዳ እንደ እኔ የሚስቅ ግን አልነበረም። አስተማሪው «ራስ ቁርሽ ውስጥ የሚያስቅሽ ማን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ሁሉንም አሟልቼ ቀረብኩ። ጎማው አለፈ፣ ካቴናው አለፈ፣ መብራቱ አለፈ። አባባ ክላክሱን ተጫኑ። ክላክሱ ጉንፋን እንደያዘው በግ ጮኸ። ድጋሚ ተጫኑት።

«ወድቃለች።»

«በክላክስ? ሊልበርን ውስጥ እኮ በእግሩ የሚሄድ ሰው የለም። ለማን ነው የምነፋው?»

«አንድ ሰው መኪናውን ከቤቱ ወደ ኋላ ሲያወጣ ሳያይዎት ቢቀር በምን ሊጠሩት ነው? በስሙ?»

ጎረቤታችን የተባለውን ሳልተረጉምለት ሳቀ። እኔ ተናድጄ ሞተር ሳይክሏን ወደ ጋራዥ ስመልስ የመናደዴን ያህል ደስ ብሎኝ እንደነበር ግን ልደብቅ አልችልም። አባቴ በዚያ ሰሞን ማታ ማታ እራት ላይ ስለ ክላክስ ሽቦዎች ያወሩ ነበር፤ ከእናቴ ሞት በኋላ እራት ላይ ሲያወሩ ያየሁት ያኔ ነው።

ሦስተኛው ቅዳሜ የፍሬን ፈተና ነበር። መንጃ ፈቃዴን አውጥቼ ነበር። መንገዳችን መጨረሻው የተዘጋ ስለሆነ መኪና አይበዛበትም። አባባ አስፋልቱ ላይ በጠመኔ ሁለት መስመር ሠሩ፤ በመጀመሪያው ላይ ፍጥነት ይዤ ልደርስ፣ በሁለተኛው ላይ ፍሬን ልይዝ። መንገድ ዳር ቆመው እጃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ሲያወርዱት ተነሣሁ። የመጀመሪያውን መስመር አለፍኩ። ሁለተኛው ላይ ሁለቱንም ፍሬን ያዝኩ። ሞተር ሳይክሏ በድንገት ወደ ግራ ዞረች፣ የእግረኛ መንገዱን ወጣች፣ የጎረቤታችንን የተከረከመ ሣር ለሁለት ከፈለች፣ ቁጥቋጦው ውስጥ ገብታ ቆመች። እኔ በጀርባዬ ሣሩ ላይ ተዘርግቼ ሰማዩን አየሁ።

«ልጄ፣ ልጄ፣ የእኔ እናት» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አባባ ሰሌዳቸውን ጥለው፣ ጋውናቸው ከኋላቸው እየተውለበለበ፣ እየሮጡ መጡ። ሲሮጡ አይቼ አላውቅም ነበር። ደርሰው ሲያጎነብሱ የራስ ቁሬን መስታወት ከፍ አደረግኩ። ከሳቅ ብዛት ዓይኔ እንባ ሞልቷል። አንድም ቦታ አልተጫርኩም። አባባ ቀና አሉ፤ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆሙ። ከዚያ ተመልሰው ሄደው ሰሌዳቸውን አነሡ፣ ጋውናቸውን አስተካከሉ፣ መጥተው በላዬ ቆሙ።

«ወድቀዋል» አሉ።

«እኔ ነኝ ወይስ እሷ?»

«ሁለታችሁም።»

የፊተኛው ፍሬን ሸራ በአንድ በኩል አልቆ፣ በሌላው በኩል ዘይት ጠጥቶ ተገኘ። አዲስ ሸራ በካታሎግ አዘዝኩ። የጎረቤታችንን ሣርም በገዛ እጄ አበጀሁ።

አራተኛው ቅዳሜ ላይ አባባ ጥፋት አጡ። ሁለት ጊዜ ዞሩ፤ ካርቶን አንጥፈው ከሥሯ ተኙ። የፍሬን ፈተናው ላይ ወደ ጎን ሳልዛነፍ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ክላክሱን ሲነፉት የሁለት ቤት ውሻ ጮኸ። ሰሌዳቸውን ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ ከኪሳቸው ክብ ወረቀት አወጡ። ለካስ ማታ ማታ ክፍላቸው ውስጥ በቀለም ሲሥሉት ነበር፤ ዓመቱ መሐሉ ላይ፣ ዙሪያውን በአማርኛና በእንግሊዝኛ «በፈቃድ የተመረመረ» ይላል። ፕላስቲክ አልብሰው ከፊት ጎማዋ በላይ ያለው ፓራፋንጎ ላይ ለጠፉላት። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝና «እንኳን ደስ አለዎት» አሉኝ። ጨበጥኳቸው። ከዚያ መንገዳችን ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለስኩ፤ ባለፍኩ ቁጥር አባባና ጎረቤታችን ግቢው ውስጥ ቆመው እንደ ሰልፍ እያሳለፉኝ ነበር።

እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ደወል ተደወለ። ጎረቤታችን የራሱን ሁለት ሞተር ሳይክሎች ግራና ቀኝ አቁሞ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሶ በራችን ላይ ቆሟል። አባባ ሁለቱንም ጣሉበት። ሰውየው ሎተሪ እንደወጣለት ሰው እየሳቀ ወረቀቶቹን ይዞ ሄደ፤ አብረውት ለሚነዱ ጓደኞቹም አወራ። ጸደይ ሲገባ ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ስድስትም ሰባትም አሮጌ ሞተር ሳይክል ይሰለፍ ጀመር። ባለቤቶቹ ሸበቶዎች፣ ቆዳ ጃኬት የለበሱ፣ ሕግ የሚባል ነገር የሰለቻቸው ሰዎች ናቸው፤ ግን አባባ «የንብረቱ ባለቤት እርስዎ ነዎት?» ሲሏቸው እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። አንድ ቀን ከሁለት መንገድ ማዶ የምትኖር ሐበሻ ጎረቤታችን በራችን ላይ ያን ሁሉ ሰው ቆሞ አይታ ለቅሶ መሰላት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ ዳቦ ይዛ እያለቀሰች ገባች። አባባን በጋውን በአንድ ሞተር ሳይክል ሥር ተጋድመው ስታያቸው ዳቦውን ልትጥለው ምንም አልቀራት። ነገሩን ካስረዳናት በኋላ ዳቦውን ለሁሉም ቆርሳ ሰጠች፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም በደስታ መጣች።

አንድ ብቻ ተቆጣ። ጺሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ግዙፍ ሰው ነው፤ ያመጣት የእንግሊዝ ሥራ ከማጽዳት ብዛት ፊት ታሳያለች። በማግሥቱ ወደ ሰሜን ተራሮች ሊነዳት ተሰናድቷል። አባባ የፊት ጎማዋን አስነሥተው መሪዋን ቀስ ብለው ወዲያና ወዲህ አዞሩ፣ ቆሙ፣ እንደገና አዞሩ። ከዚያ የኪስ ባትሪ ይዘው አጎንብሰው ብዙ ቆዩ።

«ወድቃለች» አሉ።

ሰውየው ፊቱ ቀላ። «ከጓደኞቼ ሁሉ የእኔዋ ናት ንጹሕ። ደግሞ ይሄ እኮ በፈቃደኝነት ነው።»

አባባ በዚያ የመመሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛቸው ቃል በቃል እንዲህ አሉት፦ «መምጣትዎ በፈቃድ ነው። መውደቅዎ በፈቃድ አይደለም።»

አባባ የማንበቢያ መነጽራቸውን አውልቀው ከባትሪው ጋር ዘረጉለት። ሰውየው አያቸው፤ ከዚያ ተቀብሎ፣ ያችን ትንሽ መነጽር ሰፊ ፊቱ ላይ አድርጎ፣ ከነጃኬቱ ሲሚንቶው ላይ ተጋደመ። መሪው ከአካሏ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ከአዲሱ ቀለም ሥር፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበር። ሲነሣ ፊቱ ነጭ ሆኗል። ቀስ ብሎ መነጽሩን በሸሚዙ ጠርጎ መለሰ፤ ወደ ጎረቤታችን ዞሮ «ፒክአፕህ ነፃ ነው?» አለ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አስበይዷት መጣ። አለፈች። ከሞተር ሳይክሏ ኋላ ከታሰረ ሳጥን ውስጥ ባለቤቱ የጋገረችውን የኮክ ፓይ አውጥቶ ለአባባ ሰጣቸውና፣ «አንተስ ምን ትነዳለህ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ምንም» አሉ አባባ።

«አሁን ማለቴ አይደለም። በወጣትነትህ?»

«ምንም። ሞተር ሳይክል ላይ ወጥቼ አላውቅም። የመርማሪ ሥራ መመርመር ነው።»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። እኔም አላውቅም ነበር። ስንት ሺህ ሞተር ሳይክል በእጃቸው እንዳለፈ ሳስብ ዓይኔ ፈጠጠ።

ጎረቤታችን ቤቱ ሄዶ አገጭ ድረስ የሚሸፍን የራስ ቁር አመጣ። አባባ ጋውናቸውን አውልቀው አጠፉት፤ ክራባታቸውን ግን አልፈቱም። የራስ ቁሩ ጠባብ ነበር፤ ጺማሙ ሰውዬ በሁለት እጁ ተጭኖ አስገባላቸው። የእኔን ሞተር ሳይክል የኋላ ተቀማጭ እግር ማሳረፊያ፣ ራሳቸው በአራት ምርመራ ያሳለፉትን፣ እንደገና በጫማቸው ሞክረው ከኋላዬ ወጡ።

መጀመሪያ ወገቤን የያዙኝ ሙሉ ብርጭቆ እንደሚይዝ ሰው በጣታቸው ጫፍ ነበር። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ግን ሁለት ክንዳቸውን ጠመጠሙብኝ። ዋናው መንገድ ስንገባ ከኋላዬ የተቋረጠ ድምፅ ሰማሁ። የሚጸልዩ መሰለኝና ፍጥነት ቀነስኩ። ጆሮዬን ሰጥቼ ሳዳምጥ እየሳቁ ነው። እንደ ልጅ፣ ያለማቋረጥ፣ የራስ ቁራቸው የእኔን እስኪገጭ ድረስ እየሳቁ ነው።

«ማርሽ ቀይሪ» አሉኝ ከሳቃቸው መሐል። «ሞተሩ እየጮኸብሽ ነው።»

ቀየርኩ። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም አንዲት ሴት ከመኪናዋ መስኮት አንገቷን አውጥታ ክራባታቸውን አየች፤ አባባ በጨዋ ደንብ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጧት። ቤት ለመመለስ መታጠፍ የነበረብኝን መንገድ አሳለፍኩት። ሁለተኛውንም አሳለፍኩት። ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ አንድ የሜክሲኮ ምግብ የሚሸጥ መኪና አጠገብ ፓርክ አደረግኩ።

ያኔ ነው የራስ ቁሩ አልወጣ ያለው። ጎተትኩ፤ ጆሯቸው አብሮ መጣ። «ተዪው፣ ቤት እናወጣዋለን» አሉ። በቂጣ የተጠቀለለውን ታኮ በትንንሹ እየቆረስኩ ሰጠኋቸው፤ በአገጩ በኩል እያስገቡ ተመገቡ። ሻጯ ሴትዮ ለስላሳ መጠጥ ከነመምጠጫው ይዛ ወጣችና ራሷ መምጠጫውን በመስታወቱ ሥር አስገባችላቸው። በዙሪያችን የተሰለፈው ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እኔ ቆሜ መብላት አቅቶኝ መቀመጫው ላይ ተደፍቻለሁ። አባባ ብቻ አልሳቁም፤ ቀጥ ብለው ቆመው እያጣጣሙ ይመጥጣሉ።

«ደስ ይላል» አሉ፤ ድምፃቸው ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

ስለ ምግቡ ይሁን ስለ መንገዱ አልጠየቅኳቸውም። መጠጡን ጨርሰው በመምጠጫው ወደ ሰሜን፣ ከቤታችን ተቃራኒ ወደሆነው አቅጣጫ ጠቆሙ።

«በዚያ በኩል መንገዱ የት ያደርሳል?»

«እኔም አላውቅም አባባ።»

«እንግዲያው ቶሎ ጨርሺና እንየው።»